ለቀረችው ስንቅ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉት የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ከተሞች ልጃቸው፣ ወንድማቸው ወይም የትዳር ጓደኛቸው በአሜሪካ ሠራዊት የሚያገለግል ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች አሉ። የዘመቻ ትእዛዝ ሲመጣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይገጥማቸዋል። ሠራዊቱ «አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ጻፉ፣ ፈርሙ» ይላል፤ ያደግንበት ባህል ደግሞ «ክፉ አትጥሩ» ይላል። ይህ ምልልስ በሁለቱ መካከል ለቆሙት የተጻፈ ነው። አንደኛዋ ተናጋሪ የ22 ዓመት ልጇ በሚቀጥለው ወር ወደ ኢራቅ የሚሄድባት እናት ናት። ሁለተኛዋ ባለቤቷ አፍጋኒስታን ዘምቶ የተመለሰላት ጎረቤቷ ናት። ሁለቱም የጸሐፊው ፈጠራ ናቸው፤ የሚያነሡት ሕግና አሠራር ግን በእውን ያለ ነው።

እናት፦ ከነገረኝ ዕለት ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቅዳሜ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘረጋ። የሕይወት ኢንሹራንስ፣ ውክልና፣ «አንድ ነገር ቢደርስ ለማን ይነገር» የሚል ፎርም። «አንሣልኝ ይህን ሟርት!» ብዬ ጮኽኩበት። ምንም ሳይመልስ ሰብስቦ ወጣ። ልጄን በቁሙ ልቅበረው እንዴ?

ጎረቤት፦ እትዬ፣ ቁጣዎ ይገባኛል። ባለቤቴ ሊሄድ ሲል በእኛም ቤት ሰላም አልነበረም። ዕቃ ያለ ቦታው ተቀመጠ ተብሎ ሳይቀር እንጨቃጨቅ ነበር። በኋላ ሳነብ የታወቀ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ሳይመን ፒንከስ የተባለ የአሜሪካ ጦር ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጽሑፍ የወታደር ቤተሰብ የሚያልፍበትን ስሜት በአምስት ምዕራፍ ከፍለውታል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ገና ሳይሄድ ያለው ጊዜ ነው። ቤተሰቡ አንድ ቀን «ይቀራል፣ አይሄድም» ይላል፤ በማግስቱ እንደሄደ ቆጥሮ ያለቅሳል። መነሻው ሲቃረብ ደግሞ ጠብ ይበዛል። ተቆጥቶ መለያየት አልቅሶ ከመለያየት ይቀላላ።

እናት፦ እሱስ ቢሆን? አካሉ እዚህ ነው እንጂ ልቡ ከሄደ ቆየ። አጠገቤ ተቀምጦ ስጠራው አይሰማኝም። ስልኩን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ነው ወሬው። ለእኔ የቀረችኝ እኮ ይህቺ ጥቂት ሳምንት ናት!

ጎረቤት፦ እሱም እዚያው ጽሑፍ ውስጥ አለ። ወታደሩ መነሻው ሲደርስ ከቤተሰቡ ራቅ እያለ አብረውት ወደሚዘምቱት ይጠጋል። ነገ ነፍሱን የሚጠብቁለት እነሱ ናቸው። ፍቅሩ ቀንሶ እንዳይመስልዎ።

እናት፦ አንቺ ያነበብሽውን ትነግሪኛለሽ፤ እኔ ደግሞ ያየሁት አለኝ። አንደኛው ወንድሜ በ1991 ዓ.ም. ወደ ጾረና ግንባር ሲሄድ እናቴ በሶና ቆሎ ቋጥራ፣ መርቃ ሸኘችው። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማንም። ጦርነቱ አለቀ፤ የሰፈሩ ልጆች ተመለሱ፤ እሱ አለ ይሁን የለ የሚነግረን ጠፋ። በር በተንኳኳ ቁጥር እናቴ ትነሣለች። ለፋሲካ ድርሻውን ታነሣለታለች። ልናለቅስለት ብንል «ማን ሞተ አላችሁ?» ብላ ትቆጣለች። መርዶው የመጣው እሷ አልጋ ከያዘች በኋላ ነው። ጦርነት ሲባል እኔ የማውቀው ያንን ነው፤ ጥይቱን አይደለም፣ አለመስማቱን።

ጎረቤት፦ ፖሊን ቦስ የሚባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት ጊዜ የጠፉ አብራሪዎችን ሚስቶችና ልጆች ሲያጠኑ ያገኙት ይህንኑ የእናትዎን ሕመም ነው። ሰውየው ሞቷል ተብሎ አይለቀስለት፣ አለ ተብሎ አይጠበቅ። እንዲህ ያለ ቤት ሐዘኑም ተስፋውም መቋጫ ያጣል። እናትዎን የጎዳቸው የሞቱ ዜና ብቻ አይደለም፤ ዜና የሚመጣበት መንገድ አለመኖሩ ነው። ልጅዎ የዘረጋው ወረቀት ግን ያ መንገድ ነው።

እናት፦ እንዴት ሆኖ?

ጎረቤት፦ ፎርሙ ዲዲ 93 ይባላል። አደጋ ቢደርስበት ለማን እንደሚነገር፣ አድራሻው የት እንደሆነ ወታደሩ ራሱ የሚሞላው ነው። እዚህ አገር የወታደር ሞት ለቅርብ ቤተሰብ በስልክ አይነገርም። ዩኒፎርም የለበሰ መልእክተኛ፣ ብዙውን ጊዜ ከጦሩ ቄስ ጋር ሆኖ፣ ቤት ድረስ ይመጣል። የሚመጣውም ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ ነው። መቁሰሉ ግን በስልክ ሊነገር ይችላል። እትዬ፣ ይህን የምልዎ ላስፈራራዎ አይደለም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልክዎ ቢጮህ እዚያ ረፋድ ነው፤ ልጅዎ ተራ ደርሶት እየደወለ ይሆናል። ይህን ባለማወቅ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ሲወርድ ከርሟል። የፈራሁትን ነገር መምጫውን ካወቅሁ በኋላ ግን ስልኩን በደስታ ማንሣት ጀመርኩ።

እናት፦ በሬ ላይ እንዲያ ያሉ ሰዎች ባይ እዚያው ነው የምቀረው። ደም ግፊት አለብኝ። በአገራችን ለእናት መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ይመክራል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ማልደው ይመጣሉ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ከጎኗ ይቀመጣል። የባዕድ ሰው በር አንኳኩቶ የሚናገረው ነው እንዴ ይኼ?

ጎረቤት፦ ፎርሙ ለዚህም ቦታ አለው። «በጤና ምክንያት ለዚህች ሰው አትንገሩ፤ በምትኳ ለእከሌ ንገሩ» ብሎ ስም ማስገባት ይቻላል። እዚህ ያሉትን ወንድምዎን ቢያስጽፍ መጀመሪያ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ከዚያ የንስሐ አባትዎንም፣ እኛንም ይዘው እንደ ወጉ ይመጣሉ። ምናልባት ልጅዎ ቅዳሜ ሊጠይቅዎ የመጣው ይህንኑ ነበር።

እናት፦ ይህን አላለኝም።

ጎረቤት፦ መቼ አስጨረሱት?

እናት፦ ... እሺ። ኢንሹራንሱስ? ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ነው አለኝ። የልጄን ነፍስ በዶላር ሊተምኑልኝ ነው?

ጎረቤት፦ የነፍሱ ዋጋ አይደለም፤ ለነፍስ ዋጋ የለም። ከ2023 ጀምሮ የወታደር የሕይወት ኢንሹራንስ ጣሪያው 500,000 ዶላር ነው። ተቀባዩን የሚሰይመው ራሱ ወታደሩ ነው። ልጆቹ በ18 ዓመታቸው ሲገቡ ያሰፈሩትን ስም ዞር ብለው ሳያዩት ይቀራሉ። መነጋገር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ውክልናውም ቢሆን ስለ ሞት አይደለም፤ በሕይወት እያለ መኪናውን የሚያሳድስለት፣ የባንክ ጉዳዩን የሚያይለት ሰው ነው የሚፈልገው። በጦር ሰፈሩ የሕግ ቢሮ ያለ ክፍያ ያዘጋጁለታል። ሁሉን ነገር የሚሰጥ ውክልና ከሚፈርም ለተወሰነ ጉዳይ ብቻ ቢሰጥ ይሻላል። አፓርታማ ተከራይቶ ከሆነም፣ ዘመቻው 90 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕጉ ያለ ቅጣት ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅድለታል። በዚያ ላይ ከጦርነት ቀጣና ሆኖ እስከ 10,000 ዶላር ድረስ በዓመት 10 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት የቁጠባ ሒሳብ አለ። ልጅዎ ይህን ሁሉ ሲያወጣና ሲያወርድ እየሞተ አይደለም፤ ተመልሶ የሚኖርበትን እያሰበ ነው።

እናት፦ ገንዘብ ስትይ ነው የሚያመኝ። ኮሌጅ ሊገባ ሲል መክፈል አልቻልኩም። «አርሚ ከገባሁ ትምህርቴን ይከፍሉልኛል» አለኝ። ዝም አልኩ። ዛሬ ለሰው አገር ጦርነት ሲሄድ በእኔ ድህነት የሄደ ይመስለኛል።

ጎረቤት፦ የትምህርቱ ክፍያ እውነት ነው፤ አገልግሎቱን ሲጨርስ የ36 ወር ትምህርት የሚሸፍን ጥቅም አለው። ብዙ ልጆች በዚያ ምክንያት ይገባሉ። ጦርነቱ ትክክል ነው አልልዎትም፤ የእኔም የእርስዎም አስተያየት ለየብቻ ሊሆን ይችላል። ይህንን ግን እለምንዎታለሁ፤ ጸጸትዎን ለእሱ አያሸክሙት። «እኔ ነኝ የላክሁህ» ያሉት እንደሆነ፣ እዚያ ሄዶ ራሱን የሚጠብቅበትን ልብ እርስዎን በማጽናናት ያባክነዋል። የመረጠው እሱ ነው። ምርጫውን ባይወዱለትም ያክብሩለት።

እናት፦ አባቴ ኮሪያ ዘምቷል፤ ከቃኘው ሻለቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ከጅቡቲ በመርከብ መሄዳቸውን፣ የሞቱት 121 መሆናቸውን፣ አንድም ሰው ሳይማረክ መቅረቱን፣ ወገን ሬሳ ጥሎ አለመምጣቱን እየሰማን በኩራት አደግን። አባቴ ሲያወራ ቤቱ ይሞላ ነበር። አሁን የማስበው ግን አያቴን ነው። ማንበብ አትችል፣ ኮሪያ የት እንደሆነች አታውቅ። ምን ሆና እንደከረመች አንድ ሰው ጠይቋት አያውቅም። እኔም አልጠየቅኋት። ለዘማቹ ቀረርቶ አለው፣ ሜዳልያ አለው። ለቀረችውስ?

ጎረቤት፦ እውነትዎን ነው። ድሮ እናት ለዘማች ልጇ ስንቅ ትቋጥር ነበር፤ ለራሷ ግን የሚቋጥርላት አልነበረም። ይህ ወረቀት እኮ ልጅ ለእናቱ የሚቋጥረው ስንቅ ነው። ማን እንደሚነግርዎ፣ ችግር ሲመጣ ማንን እንደሚጠይቁ፣ በየትኛው መብት እንደሚጠይቁ ትቶልዎት ሊሄድ ነው። ሟርት ማለት ክፉን መመኘት ነው። ክፉ ቢመጣ እናቴ ባዶ እጇን እንዳትገኝ ብሎ ማዘጋጀት ሟርት ከሆነ፣ ፍቅር የምንለው ምኑን ነው?

እናት፦ አፍሽ ይጣፍጣል። እንግዲያው ስለ ጸሎቱ ንገሪኝ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ላስነግር ነበር። በቴሌግራም ግሩፓችንም «ልጄ በዚህ ቀን፣ ወደዚህ ቦታ ይሄዳልና በጸሎት አስቡልኝ» ብለሽ ጽፈሽ ላኪልኝ እያልኩ ነበር ለትንሿ ልጄ።

ጎረቤት፦ እሱን እንኳ አደራ! የሚነሣበትን ቀን፣ የክፍሉን ስም፣ የሚያርፍበትን ሰፈር በየትኛውም ግሩፕ ላይ መጻፍ አይገባም። ከእሱ ጋር የሚሄዱትንም ሁሉ ያጋልጣል። ደግነቱ ለጸሎት ይህ አያስፈልግም። ለካህኑ የክርስትና ስሙን ይስጧቸው። «ወልደ እከሌ» ብለው በቅዳሴ ሲያስቡት ቀኑንና ቦታውን እግዚአብሔር ያውቀዋል።

እናት፦ ይህስ ጥሩ ነው፤ የክርስትና ስሙን ከእኔና ከአባ በቀር የሚያውቅ የለም። ደግሞ ሌላ። ያሳደገችው አያቱ ጎንደር ናት፤ ደክማለች። እሱ እዚያ እያለ አንድ ነገር ብትሆን እስኪመለስ እንደብቀው ብለናል። በሰው አገር፣ በጦር ሜዳ መርዶ አይነገርም።

ጎረቤት፦ ይህንን ለብቻችሁ አትወስኑ። እሱን ይጠይቁት፤ «አያትህ ብትታመም፣ ከዚያም የባሰ ቢመጣ፣ እንንገርህ ወይስ እስክትመለስ እንቆይ?» ይበሉት። አንዳንዱ «ንገሩኝ» ይላል፤ አንዳንዱ «ሥራዬ ላይ እያለሁ አትንገሩኝ» ይላል። የሚያሰጋው ከማንም ሳይሆን ከፌስቡክ መስማቱ ነው። ይነገረኝ ካለ መንገዱ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ነው። እርስዎ ከዚህ ይደውላሉ፤ እነሱ ከሆስፒታሉ ወይም ከሚመለከተው ሰው አጣርተው ለአዛዡ ያደርሳሉ። ፈቃድ የሚሰጠው አዛዡ ነው። ሙሉ ስሙን በፓስፖርቱ እንዳለው፣ የልደት ቀኑን፣ የክፍሉን ስም ጽፈው ይያዙ። አያቱ በእናት ምትክ ያሳደጉት መሆናቸውንም አሁኑኑ ለክፍሉ ይንገራቸው። ለአዛዡ ውሳኔ ያግዛል።

እናት፦ እሺ ሄደ እንበል። ቢጠፋብኝስ? ሳይደውል ቢቀር?

ጎረቤት፦ ይጠፋል፤ አስቀድመው ይወቁት። ሲሠራ፣ ሲንቀሳቀስ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ይጠፋል። ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን ብደብቅዎት አልወድም። ከክፍሉ አንድ ሰው ሲሞት ወይም ክፉኛ ሲቆስል፣ ለቤተሰቡ እስኪነገር ድረስ የጦር ሰፈሩ ስልክና ኢንተርኔት ይዘጋል። ባለቤቴ እንዲያ ጠፍቶ ሲደውል በደስታ ጮኽኩ። «ሰው ሞቶብን ነው የተዘጋው» አለኝ። ለእኔ ስልክ የተደወለልኝ የሌላ ሴት በር ከተንኳኳ በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእኔን ሰላም ብቻ ለይቼ መጸለይ አልሆነልኝም።

እናት፦ አምላኬ! ... እና ቴሌቪዥኑን ልዝጋው?

ጎረቤት፦ ቀኑን ሙሉ አይክፈቱት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2024 ዮርዳኖስ ውስጥ ታወር 22 የተባለ የጦር ሰፈር በድሮን ሲመታ ሦስት አሜሪካውያን ወታደሮች ሞቱ። «ሦስት ሞቱ» የሚለው ዜና የወጣው እሁድ ዕለት ነው፤ ስማቸው በይፋ የተነገረው ግን በማግስቱ። በዚያ አካባቢ ልጅ ያለው ሁሉ ያን ሌሊት እንዴት እንዳደረ ያስቡት። ስም በይፋ የሚወጣው ለቤተሰብ ከተነገረ በኋላ ስለሆነ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጦ ማደር አስቀድሞ አያሳውቅም። እንዲህ ያለ ቀን ከመጣ ብቻዎን አይደሩ። እኔ ጋ ይምጡ ወይም ልምጣልዎ።

እናት፦ ትንሿንስ ምን ልበላት? 12 ዓመቷ ነው። «ወንድሜ ይሞታል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «አፍሽን ዝጊ» አልኳት።

ጎረቤት፦ እውነቱን በዕድሜዋ ልክ ይንገሯት። «የሚሄድበት ቦታ አደጋ አለው፤ የሚጠብቁት ጓደኞችም፣ የተማረው ሙያም አለው፤ ስትፈሪ ለእኔ ንገሪኝ» ይበሏት። «ምንም አይሆንም፣ እምላለሁ» አይበሏት፤ በእርስዎ እጅ ያልሆነውን አይማሉ። ለአስተማሪዋም ቢነግሩላት ጥሩ ነው። ሥራም ይስጧት፤ የሚላከውን ዕቃ እሷ ታሽግ። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ በሶ ረጅም መንገድ ይችላሉ። ፖስታው በጦሩ አድራሻ ስለሚሄድ ዋጋው እንደ አገር ውስጥ ነው፤ የጉምሩክ ፎርም ግን ይሞላል። ወደዚያ አካባቢ አልኮልና የአሳማ ሥጋ ያለበት ነገር አይላክም። በሶውን በላስቲክ አድርጋችሁ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጻፉበት፤ ስሙ ያልተጻፈበት ዱቄት ያጠራጥራል።

እናት፦ በሶ ይወዳል። እናቴም ለወንድሜ በሶ ነበር የቋጠረችለት። አንዳንዴ ያው ነገር ተመልሶ የመጣብኝ ይመስለኛል።

ጎረቤት፦ ፍርሃቱ ያው ነው፤ አይለቅዎትም፤ እኔም ላስለቅቅዎት አልችልም። እናትዎ ግን የሚጠይቁበት በር አልነበራቸውም። እርስዎ አለዎት። የክፍሉ የቤተሰብ ቡድን አለ፤ ልጅዎ ስምዎንና ስልክዎን ካላስመዘገበ ግን አይደውሉልዎትም፤ ለሚስት እንጂ ለእናት መድረስ ይረሳቸዋል። ይህንንም ይጠይቁት። ሲመለስ ደግሞ ቤቱን ሰው ሞልተው አይጠብቁት። ባለቤቴ የተመለሰ ሳምንት ድግስ አድርገን ነበር፤ ጓሮ ወጥቶ ብቻውን ቆሞ አገኘሁት። መጀመሪያ ይተኛ፣ ይብላ፣ ዝም ይበል። ድግሱ ይደርሳል።

እናት፦ ስሚኝ እስቲ። መፍራቴን አልተውም። ልጁ ሲሄድባት የማትፈራ እናት ካለች እኔ አላውቃትም። ወረቀቱን ግን አየዋለሁ። ዛሬ ማታ ደውዬ «ቅዳሜ ይዘኸው ና፤ አንተ ስትናገር እኔ ዝም እላለሁ» እለዋለሁ። ስለ አያቱ እጠይቀዋለሁ። በእኔ ምትክ እዚህ ያለውን ወንድሜን ያስጽፍ። ኢንሹራንሱ ላይ የማን ስም እንዳለ ያሳየኝ። ከዚያ በኋላ እመርቀዋለሁ። ምንም ሳልሰማ ብመርቀው ምርቃቱ ከፍርሃቴ መሸሻ ይሆንብኛል።

ጎረቤት፦ ስሜት ቢፈነቅልዎትና ቢያለቅሱስ?

እናት፦ አለቅሳለኋ! ያየኛል፤ እንደምወደው ያውቃል፣ ወረቀቱንም ይጨርሳል። አንቺም ቅዳሜ ነይ፤ የማይገባኝን ታስረጂኛለሽ። እዚያ ሦስተኛው ሕንፃ ላይ ያለችውን ሴትም ይዘሻት ነይ፤ ልጇ ባሕር ኃይል ውስጥ ናት ይላሉ። በየቤታችን በር ዘግተን ከምንፈራ፣ ልጆቻችን እስኪመለሱ በየሳምንቱ እንገናኝ። ማን ደወለላት፣ ማን አልተደወለላትም፣ ማን መድኃኒቷን ረሳች ብለን እንጠያየቅ። ለአያቴ ማንም ያላደረገላትን እኛ እርስ በርሳችን እናድርግ።